የፒዲኤፍ ማረሚያ ስለ መምረጥ



በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላ የሚሠራ ጸሐፊ በላቲን ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ደብዳቤና ከፌዴራል መሥሪያ ቤት የመጣ የአማርኛ ደብዳቤ ጎን ለጎን ይቀበላል። ሁለቱም ፒዲኤፍ ናቸው።

የኦሮምኛውን በደኅና የሚያርም ፕሮግራም በአማርኛው ላይ ባዶ ሣጥን ቢደረድር አያስደንቅም። ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው በጽሑፉ ውስጥ የገቡትን ፊደላት ቅርጽ ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ነውና ለእርማት የተፈለገው ሊጎድል ይችላል። በጡረታ ደብዳቤ ላይ የስም መጀመሪያ ፊደል ቢጠፋ ጉዳቱ የባለጡረታው ነው።

ስለዚህ የሻጩን ናሙና ትቶ፥ ከራስ መዝገብ ቤት በወጣ አሮጌ የአማርኛ ደብዳቤ መሞከር ይገባል፤ አንድ ቃል ይፈለግ፥ አንድ ስም ይታረም፥ ከዚያም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይታይ። ያለ ዋጋ የሚገኘው ሊብሬኦፊስም በዚሁ ይመዘን። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ሆነ፥ በቀድሞዎቹ የፊደል ዓይነቶች የተተየበው ለዓይን ደኅና መስሎ በፍለጋ አንድም ቃል ላይገኝበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ከማረም እንደገና መተየብ ይቀላል።