ገና ያልወጣ ካርታ
(በሰቆጣ ከተማ ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር)



ካርታ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። በአንድ በኩል እኛ መሐንዲሶች በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን የምንመራመረውን የመሬት ሥዕል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለጨዋታ የሚታደለውን ወረቀት ያመለክታል። የዛሬው ንግግሬ ከሁለተኛው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው የሚሻገር ነው። የጨዋታ ነገር ለእንዲህ ያለ ጉባኤ አይመጥንም የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በአገራችን የታወቀው ገበጣ የሚደብቀው ነገር የለም። ጉድጓዱም ጠጠሩም በሁለቱ ተጫዋቾች ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበውና ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የፈጠረው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ግን ከዚህ ይለያል። ካርታዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አልወጡም፤ በየጊዜው አዳዲስ እየታተሙ በእሽግ ይሸጣሉ፤ ተጫዋቾቹም ይሰበስቧቸዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይለዋወጧቸዋል። ስለዚህም በጨዋታው ላይ ሌላ ጨዋታ ተወለደ፤ ይኸውም ገና ያልወጣውን ካርታ አስቀድሞ መገመት ነው።

ይህ ግምት ስኒ ገልብጦ እንደ ማንበብ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጨዋታው አምስት ቀለሞች አሉት፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ። አምስት ነገሮችን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመር የሚቻለው በ10 መንገድ ብቻ መሆኑን እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያው እትም ውስጥ እያንዳንዳቸው ሁለት ቀለም የሚያገለግሉ «የመሬት» ካርታዎች ነበሩ። (መሬት መባላቸው የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የጨዋታው ስያሜ ነው።) ሲቆጠሩ ግን 9 ብቻ ናቸው፤ የሰማያዊና የቀይ ጥምር የለበትም። በስሕተት ተዘልሎ ነበርና በዚያው ዓመት በወጣው ሁለተኛ እትም «ቮልካኒክ አይላንድ» ተብሎ ገባ። እንግዲህ 9ኙን ደርድሮ የተመለከተ ሰው 10ኛው መጉደሉን፣ ቀለሙንና ሥራውን ሳያየው ሊያውቅ ይችል ነበር። ስሙንና ሥዕሉን ግን ከቶ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ደግሞ በካርታዎቹ ግርጌ ተራ ቁጥር መታተም ጀመረ። ቁጥሩም በአመዛኙ በቀለም፣ በየቀለሙም ውስጥ በስም ፊደል ተራ የሚሄድ ነው። በእኛ ፊደል ብንመስለው፣ ቀለማቸው አንድ የሆነ 57ኛው ካርታ በ«ለ»፣ 59ኛው በ«መ» ቢጀምሩ፣ ያልታየው 58ኛው ከ«ለ»፣ ከ«ሐ» ወይም ከ«መ» ሌላ መነሻ ሊኖረው አይችልም። ገማቾቹ በዚህ ዘዴ ከጥቂት የታወቁ ካርታዎች ተነሥተው የብዙዎቹን ቦታ ያጠባሉ።

ባልደረቦቼ፣ ይህ ከእኛው የ1፡50,000 ካርታ በምን ይለያል? አንዱ የዲግሪ አራት ማዕዘን በ16 ሉሖች ይከፈላል፤ ሰቆጣ የምትገኝበት የ12 ዲግሪ ኬክሮስና የ39 ዲግሪ ኬንትሮስ ሉሖች ቁጥር በ1239 ይጀምራል። አንዱ ሉሕ ቢጠፋ ቁጥሩን ከጎረቤቶቹ እናውቃለን፤ ወንዝም ከአንዱ ሉሕ ጠርዝ ከወጣ በሚቀጥለው ጠርዝ መግባቱ ግድ ነው። በመካከሉ ያለውን ገደልና የገደሉን አፋፍ መንደር ግን ጠርዝ አይነግረንም።

ሥርዐት የሚያታልልበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን ሰባት ነበሩ፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ። ባለ 4 ግርሹ የጎደለው ሰብሳቢ ዋጋውን ወዲያው ይደርስበታል። ሥዕሉን ግን እንዴት ያውቃል? እስከ 2 ግርሽ ያሉት የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ከ4 በላይ ያሉት አንበሳ ይዘዋል፤ ክፍተቱ በትክክል ድንበሩ ላይ ወድቋል። ከ16 ቀጥሎ 32 ይመጣል ብሎ የጠበቀም ቢኖር በከንቱ ጠበቀ። 16 ግርሽ አንድ ጠገራ ብር ይሞላ ነበርና እጥፉ እዚያ ላይ መቆሙ ከቁጥሩ ሳይሆን ከገበያው የመጣ ይመስለኛል። በቅርቡም 1፣ 5፣ 10፣ 50፣ 100 ብሎ የቆጠረ ሰው ቀጣዩን የብር ኖት 500 ይለዋል፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የወጣው ግን ባለ 200 ነው።

ወደ ዋግ ኽምራ ልመለስ። ለእኛ ያልወጣው ካርታ ከእግራችን በታች ያለው ነው። በዚህ ደጋ የከርሰ ምድር ውሃ በጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ተሸሽጎ ሲገኝ፣ የሁለት ጉድጓዶችን ውጤት ይዘን በመካከላቸው ያለውን እንገምታለን። ግምቱ አያሳፍርም። የሚያሳዝነኝ በሥራዬ ካገኘኋቸው ሥዕሎች በብዙዎቹ የታየውና የተገመተው በአንድ ዐይነት ያልተቋረጠ መስመር መሰመራቸው ነው። የካርታ ገማቾች የታየውን ለብቻ፣ ከሥርዐቱ ተከትሎ የሚመጣውን ለብቻ፣ የተመኙትንም ለብቻ መያዝን ለምደዋል፤ ያን ያልለየ ካርታ በውድ ገዝቶ ሲከስር ኪሱን ብቻ ይጎዳል። እኛ ስንስት የምትከስረው ጀሪካን ተሸክማ አቀበት የምትወጣው እናት ናት፤ ሌላ በጀት እስኪመጣም ዓመት ትጠብቃለች።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። የመቆፈሪያው ማሽን ወደ ቦታው ከመምጣቱ በፊት የሚጠበቀው ጥልቀት፣ የድንጋዩ ዐይነትና የግምቱ ምክንያት በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ቀንም ይኑረው። ከቁፋሮው በኋላ የተገኘው እውነት ከአጠገቡ ይስፈር። ከሁሉ በላይ ደረቅ የወጣው ጉድጓድ ተራ ቁጥር ይሰጠው። ውሃ ያወጡትን ብቻ ከቆጠርን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ ከ57 ቀጥሎ 58ን ያገኛል፤ በመካከላቸው የተቆፈረ ጉድጓድ እንደነበረ ሊጠረጥር እንኳ አይችልም፤ ማሽኑንም እዚያው ቦታ ላይ ሊያቆም ይችላል።