መኪና ተጋጭቶ ኢንሹራንስ ከሌለ የጥገናውን ወጪ እንዴት እንጨርስ?

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በአፉላ የተደረገ ንግግር)



ከሥራ ደክማችሁ ሳለ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬው ጉዳያችን መኪና ነው። አፉላ ከናዝሬት፣ ከቤት ሸአንና ከዋዲ ዓራ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ብዙ ቤተሰብ ሥራ ቦታ ለመድረስ ሲል አሮጌ መኪና ይገዛል። ግጭት ሲደርስ ግን የብዙ ወር ደመወዝ የሚበላ ዕዳ ሊከተል ይችላል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ሁሉ ለመኪና ጉዳት ኢንሹራንስ አለው ማለት አይደለም። በዚህ አገር ሕጉ የሚያስገድደው «ቢቱዋሕ ሖባ» የሚባለውን ብቻ ነው። እርሱ የሚከፍለው ለሰው አካል ነው፤ ለበር፣ ለመብራት፣ ለቀለም አንድ ሼቄል አይከፍልም። በኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ያስገደደው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በተወሰነ መጠን ንብረትንም ይጨምር ስለነበር፣ ከዚያ የመጣ ሰው እዚህም እንደዚያው ቢመስለው አይፈረድበትም። እዚህ ግን የሌላውን ሰው መኪና ጉዳት የሚከፍለው «ጻድ ጊሜል» ነው፤ የራስንም መኪና የሚጨምረው «ማኪፍ» ይባላል። ሁለቱም በፈቃድ የሚገዙ ናቸው። ስለዚህ ሖባ ብቻ ያለው አሽከርካሪ ጥፋተኛ ከሆነ የሌላውን መኪና ጥገና ከኪሱ ይከፍላል።

ሰው ከተጎዳ ጉዳዩ ሌላ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች የካሳ ሕግ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ለአካል ጉዳት ካሳ ያስገኛል። ገጪው አምልጦ ቢሄድ ወይም ሖባ ባይኖረው «ካርኒት» የሚባል ፈንድ አለ። ሖባ ሳይኖረው የነዳ ሰው ግን የራሱን ካሳ ሊያጣ ይችላል፤ መንዳቱም ወንጀል ነው። ስለዚህ የአካልንና የብረትን ጉዳይ በአንድ ወረቀት አታደባልቁ።

አሁን ወደ ግጭቱ ቦታ እንምጣ። ቁሙ፤ ትታችሁ አትሂዱ። የተጎዳ ሰው ካለ ወደ 101 እና ወደ 100 ደውሉ። መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ፎቶ አንሡ፤ የሰሌዳ ቁጥር፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የምስክር ስምና ስልክ ያዙ። የቆመ መኪና ከገጫችሁና ባለቤቱ ከሌለ፣ ስማችሁንና ስልካችሁን የያዘ ወረቀት በሚታይ ቦታ ተዉለት። ሌላው ሰው ቢጮህባችሁም እዚያው መንገድ ላይ «እኔ እከፍላለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ። የማይገባችሁን ዕብራይስጥም አትፈርሙ።

ገጪው ሌላው ሰው ከሆነ ደግሞ «እኔ ኢንሹራንስ ስለሌለኝ መብት የለኝም» ብላችሁ ዝም አትበሉ። እርሱ ጻድ ጊሜል ካለው በቀጥታ የእርሱን ኩባንያ መጠየቅ ይቻላል። ከሌለውም ራሱን ትጠይቃላችሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋ ነው። መኪናው ሳይጠገን ጉዳቱን «ሻማይ»፣ ማለት ፈቃድ ያለው ገማች፣ ይየው፤ ግምቱንም በጽሑፍ ይስጥ። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነና ሁለታችሁም ከተስማማችሁ፣ ከሁለት ጋራዦች የተጻፈ ዋጋ ማምጣትም ይረዳል። ከፋዩ እናንተ ከሆናችሁ ግምቱን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ።

በአገራችን ጠብ በሽማግሌ ያልቃል፤ ይህ ወግ ክቡር ነው፤ እዚህም ይጠቅመናል። ነገር ግን አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ሽማግሌ ቢያስታርቃችሁም ስምምነቱን ጻፉ። በወረቀቱ ላይ የሁለቱ ሰዎች ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የሁለቱ መኪኖች ሰሌዳ፣ ቀኑና ቦታው፣ የገንዘቡ መጠን፣ በየወሩ የሚከፈል ከሆነም ቀኖቹ ይጻፉ። ክፍያው ለመኪናው ጉዳት ብቻ መሆኑንና ሲያልቅ ስለ መኪናው ሌላ ጥያቄ እንደማይነሣ ይጻፍ። ሁለቱም ይፈርሙ፤ እያንዳንዱ አንድ ቅጂ ይያዝ። ገንዘቡ በባንክ ይተላለፍ ወይም ደረሰኝ ይቆረጥለት።

አንድ ወጥመድም አለ። ሌላው ሰው ማኪፍ ካለው፣ ከእናንተ ገንዘብ ተቀብሎ ከኩባንያውም ሊቀበል ይችላል። ያኔ ኩባንያው የከፈለውን ከእናንተ ይጠይቃል፤ ሁለት ጊዜ ልትከፍሉ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ለኩባንያው ጥያቄ እንዳላቀረበ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከኩባንያው ያምጣ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በፖስታ ሣጥን የሚቀር ደብዳቤ ነው። ከግጭቱ ብዙ ወራት በኋላ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ወይም ከጠበቃው በዕብራይስጥ ደብዳቤ ይመጣል። ቤተሰቡ ሳያነበው ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ የፍርድ ቤት ክስ ይመጣል፤ መልስ ካልተሰጠ ተከሳሹ ሳይሰማ ይፈረድበታል። ዕዳው ወደ «ሆጻኣ ላፖዓል» ሲሄድ ወለድና ወጪ ይጨመርበታል፤ የባንክ ሒሳብም ሊታገድ ይችላል። ደብዳቤውን በደረሰ ቀን ብታስነብቡት ግን ብዙ መንገድ አለ፤ ጥፋቱን መካድ፣ ግምቱን መከራከር፣ በየወሩ ለመክፈል መጠየቅ ይቻላል።

አልከፍልም ያላችሁን ሰው ደግሞ በትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። እዚያ ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ይናገራል፤ ጠበቃ የሚቆመው በፍርድ ቤቱ ልዩ ፈቃድ ብቻ ነው። የሚጠየቀው ገንዘብ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው በየጊዜው ስለሚስተካከል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፎቶውን፣ የሻማዩን ግምትና ደረሰኙን ይዛችሁ ቅረቡ። ዳኛው ብዙ ጊዜ እንደ ሽማግሌ ስምምነት ያቀርባል። መክሰሻው ጊዜ በመሠረቱ 7 ዓመት ነው፤ ማስረጃ ግን ቶሎ ይጠፋልና አትዘግዩ። ለምክር የዜጎች ምክር አገልግሎት የሆነው «ሺል» አለ፤ እንዲሁም «ጠበቃ» የሚባለው ድርጅት ከ2000 ጀምሮ ለማኅበረሰባችን የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የመኪናችሁን ኢንሹራንስ ወረቀት አውጥታችሁ ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ያንብብላችሁ። ሖባ ብቻ ነው ወይስ ጻድ ጊሜልም አለ? አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣውን ወጣት ልጃችሁንስ ይሸፍናል? ካልሸፈነ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት አስቡበት። የጻድ ጊሜልን ዋጋም ከሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ፤ ከአንድ ግጭት ዕዳ ጋር አስተያዩት።

እግዚአብሔር ከመንገድ አደጋ ይጠብቀን።