የተበላሸ መኪና ይጎተታል ወይስ ይጫናል?



ባለፈው ክረምት ለሥራ ወደ ሐዲያ አገር ወርጄ ሳለሁ፥ በፎንቆ ከተማ አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል መንገድ ዳር ቆማ አገኘሁ። ሞተሯ አልነሣ ብሏል። ባለቤቷ ወደ ሆሳዕና ጋራዥ ሊያደርሳት አስቦ ከአንድ የጭነት መኪና ነጂ ጋር ዋጋ ይነጋገር ነበር። ነጂው «ልጫንልህ» ቢለው ገንዘቡ በዛበትና፥ «በገመድ ጎትትልኝ፤ መንገዱ እንደሆነ ሩቅ አይደለም» አለው። በአጠገባቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ፥ ቀድሞ የካሚዮን ነጂ የነበሩ ናቸው፥ «ልጄ፥ ማርሿ አውቶማቲክ ከሆነ አታስጎትታት» ብለው መከሩት። እርሱም «አባባ፥ ጎማ እስካላት ድረስ ትሽከረከራለች» ብሎ መለሰላቸው። ገመዱ ታሰረ፤ ሄዱም። በማግሥቱ ሆሳዕና ስደርስ ያንኑ ሰው በጋራዡ በር ተክዞ ተቀምጦ አየሁት። የሞተሩ ብልሽት ቀላል ኖሯል። በጉተታው የተቃጠለው ግን ካምቢዮው ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን ወደየክፍሉ የሚያዳርሰው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ኃይል ነው። ሞተሩ ከጠፋ ፓምፑም ይቆማል። መኪናዋ ስትጎተት ግን ኃይል ተቀባዮቹ ጎማዎች የካምቢዮውን ውስጥ ያዞሩታል፤ ብረት ከብረት ያለ ዘይት ይፋተጋል፥ ይግላል፥ በመጨረሻም ይበላሻል። ስለዚህ ኃይሉ በፊት ጎማዎች ከሆነ የፊቶቹን ከመሬት ማንሣት፥ በአራቱም ጎማዎች ከሆነ ሙሉ በሙሉ መጫን ይገባል። ማርሹ በእጅ የሚለወጥ መኪና በዚህ ረገድ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ፋብሪካው ከመኪናው ጋር የሰጠው መጽሐፍ የሚፈቅደውን ርቀትና ፍጥነት ማየት ያስፈልጋል። ያን መጽሐፍ ስንቶቻችን ከፍተን እንዳነበብነው እኔ አልጠይቅም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በመንገዶቻችን ላይ በዝተዋል። በእነዚህ ብዙዎቹ ሞተሩ ከጎማው ጋር ምንጊዜም የተያያዘ ስለሆነ፥ ጎማው ሲዞር ሞተሩም ይዞራል፤ ሲዞርም ራሱ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይጀምራል። ይህም ሙቀትንና ብልሽትን ሊያመጣ ስለሚችል፥ አብዛኞቹ ሠሪዎች መኪናው ተጭኖ ብቻ እንዲወሰድ ያዝዛሉ።

በአሜሪካ አገር ይኸው ክርክር በሌላ መልክ አለ። መኝታና ማድ ቤት ባለው ትልቅ መኪና አገር የሚጎበኙ ሰዎች፥ በየከተማው የሚዘዋወሩበትን ትንሽ አውቶሞቢል ከኋላ አስከትለው ይሄዳሉ። ገሚሶቹ አራቱ ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ በብረት ዘንግ ይጎትቱታል፤ ገሚሶቹ ደግሞ ዙሪያውን በተዘጋ ተሳቢ ውስጥ ያስገቡታል። ዘንጉ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ለጉተታ የሚፈቀደው ለአንዳንድ ዓይነት መኪና ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ መሄድም አይቻልም፥ የተጎታቹ የፊት ጎማዎች ወደ ፈለጉት ይጠመዘዛሉና። የተዘጋው ተሳቢ ማንኛውንም መኪና ከአቧራና ከጠጠር ጠብቆ ይወስዳል፤ ግን ራሱ ብቻውን ከ1,000 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ጭነቱም ወደ ኋላ ካደላ በመንገድ ላይ እንደ ጅራት ይወዛወዛል።

ወደ አገራችን እንመለስና፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ የካምቢዮው ነገር አይደለም፤ ካምቢዮ በገንዘብ ይተካል። የሚያስፈራው ፍሬኑ ነው። ሞተሩ በጠፋ መኪና ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጡት በኋላ የፍሬኑ ረዳት ኃይል ያልቅና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከወጣ ደግሞ ጨርሶ ይቆለፋል። እንዲህ ያለው መኪና በገመድ ታስሮ ቁልቁለት ሲጀምር፥ ገመዱ ይላላና ተጎታቹ በጎታቹ ላይ ይሮጥበታል። ዝናብ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምተው። መጎተት ግድ ከሆነ፥ በገመድ ፈንታ የብረት ዘንግ ይታሰር፤ ቁልፉ መሪውን በማይቆልፍበት ቦታ ይዙር፤ በተጎታቹ ላይ የሚቀመጠው ሰው መንዳት የሚያውቅና እግረ ብርቱ ይሁን። ልጅ አስቀምጠው የሚሄዱ አይቻለሁ፤ ይህ በፍጹም ሊደረግ አይገባውም።

ለመጫን ሎቤድ ካልተገኘ፥ ተራ የጭነት መኪናም ይበቃል። የጭነት መኪናውን የኋላ በር ከፍ ካለ የአፈር ደልዳላ ጋር ማስጠጋት፥ በጠንካራ ሳንቃ ማገናኘትና አውቶሞቢሏን ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ከተጫነች በኋላ የእጅ ፍሬኗ ይሳብ፤ ጎማዎቿ በፊትና በኋላ በእንጨት ይደገፉ፤ አራቱም በየማዕዘኑ ይታሰሩ። የሚጭነውና የሚያወርደው ሰው ዋጋ አስቀድሞ ካልተቆረጠ ግን፥ ሆሳዕና ሲደረስ ሌላ ክርክር ይነሣል።

ያ ሰው ካምቢዮ ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት ሦስት ሳምንት ቆየ፤ የከፈለውም ነጂው ለመጫን ከጠየቀው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። እኔ ስመለስ ፎንቆ ላይ ሽማግሌውን አገኘኋቸውና የሆነውን ሁሉ አጫወትኋቸው። ስለ ካምቢዮው አንዳች አልተናገሩም። «ቁልቁለቱ ላይስ ፍሬኑ ያዘለት ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።