አገር የሚያወጣው ተዝካር

የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ነው። ለመሆኑ የሰማዕታት ቀን ምንድን ነው? ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ተዝካር ያወጣለታል፣ አይደል? ታዲያ በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪዎች መሪ የነበረው የግራዚያኒ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን ሕዝብ ሲፈጁ፣ ስንቱ ቤት ከነቤተሰቡ ተቃጠለ! ተዝካር የሚያወጣ ማን ተረፈ? እንግዲህ የሰማዕታት ቀን የእነሱ ተዝካር ነው፤ የሚያወጣውም አገር ነው።

ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ሲዋጉ ቆይተው፣ በዚያው የካቲት ተይዘው ተገደሉ። አብረዋቸው የወደቁት ወታደሮች ግን የብዙዎቹ ስም እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ አደራ! ዛሬ ቡናው ሲፈላ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ስም ጻፉት።