የተቃጠለው አየር ሥራ፦ ከጫሞ አዞ ወደ ሰው ትንፋሽ



ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከልጅነታችን ጀምሮ «የተቃጠለ አየር» እያልን ጠርተነዋል። ስያሜው ከእውነት የራቀ አይደለም። በሕዋሶቻችን ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ምግብ ደረጃ በደረጃ ሲፈርስ ካርቦኑ በዚህ ጋዝ መልክ ይወጣል። ወደ ውስጥ የምንስበው ኦክስጅን ግን መጨረሻው ውሃ ነው፤ ይህን በፈተና የሚስቱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። በዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል።

ይህ ጋዝ ወደ ሳንባ የሚጓዘው በአብዛኛው መልኩን ቀይሮ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለው ኢንዛይም ከውሃ ጋር ያዋሕደዋል፤ 70 በመቶ ያህሉም ባይካርቦኔት ሆኖ በደም ይጓዛል። ከቀረው ገሚሱ ሄሞግሎቢን ላይ ተጣብቆ፣ ጥቂቱም በደም ውስጥ ሟሙቶ ይሄዳል። ሳንባ ሲደርስ ባይካርቦኔቱ ተመልሶ ጋዝ ይሆንና በትንፋሽ ይወጣል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ የተማርኩት እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ጋዙ የሚጣል ቆሻሻ ነው፣ ተጣለ። ቆሻሻ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያሻንም። በጫሞ ሐይቅ «የአዞ ገበያ» በሚባለው ዳርቻ ተጋድመው የምናያቸው አዞዎች ውሃ ውስጥ ጠልቀው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። በአዞ ደም ውስጥ ባይካርቦኔት ራሱ ሄሞግሎቢን ላይ ተጣብቆ ኦክስጅኑን እንዲለቅ ያደርገዋል። የአዞው ሕዋሳት ጋዙን ባመነጩ ቁጥር በደሙ የቀረው ኦክስጅን ይለቀቅላቸዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በካምብሪጅ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጥቂት አሚኖ አሲዶችን በመለወጥ ይህንኑ ባሕርይ ወደ ሰው ሄሞግሎቢን ማዛወር ችለዋል።

የእኛ ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ይህ ችሎታ የለውም። ቢሆንም ጋዙ ደማችንን በመጠኑ አሲዳማ ሲያደርገው ኦክስጅን በቀላሉ ይለቀቃል። ከዚህም በላይ «ተንፍስ» የሚለንን ደወል በዋነኛነት የሚደውለው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የዚህ ጋዝ መብዛት ነው።

ጫሞ በአዞው ምክንያት ለዋናተኛ አይመችም፤ ወደ ገንዳ የምትሄዱ ግን ይህን ልብ በሉ። ከመጥለቁ በፊት ደጋግሞ በኃይል የሚተነፍስ ሰው ኦክስጅን ያከማቸ ይመስለዋል። ኦክስጅኑ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ በእጅጉ የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። ስለዚህ ደወሉ ሳይደወል ኦክስጅኑ ያልቅና ጭንቀት እንኳ ሳይሰማው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ዳር የቆሙት ጓደኞቹም ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹን ይዞ የሚጫወት ይመስላቸዋል።