ስለ ሠራነው የኤሌክትሪክ ስኩተርና ስለ ደረሰው ቃጠሎ ለሰፈራችን ጉባኤ የተደረገ ንግግር

(በነዋሪዎች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በጉባኤው ጥያቄ መሠረት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ዛሬ እዚህ የቆምነው ለመመስገን ሳይሆን መልስ ለመስጠት ነው። ባለፈው ክረምት በዕድራችን መጋዘን ውስጥ እሳት የተነሣው በእኛ ጥፋት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ጉባኤው ሥራው እንዲቆም፣ እኛም የሠራነውን ሁሉ አንድ በአንድ እንድናስረዳ ወስኗል። ውሳኔው ተገቢ ነበር። እነሆ እናስረዳለን።

ሥራውን የጀመርነው ስድስት ሆነን ነው። ከመካከላችን አንድ በያጅ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ አባታችንና ሦስት ተማሪዎች ይገኛሉ። መነሻችን ቀላል ነበር። አንዱ ተማሪያችን ስድስት ኪሎ የማታ ትምህርት ይማራል። ሲወጣ ታክሲ የለም፤ ቢኖርም ሰልፉ ያስመርራል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለውን ዳገት በእግር ወጥቶ እቤቱ ሲደርስ እራት የሚበላበት አቅም እንኳ አይኖረውም። «እስቲ ቆመን የምንነዳው፣ ስንደርስ በእጃችን አንጠልጥለን ደረጃ የምንወጣበት ነገር እንሥራ» ተባባልን። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው።

ቆሞ የሚነዳ ስኩተር የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 በኒው ዮርክ «አውቶፔድ» የተባለ ቆመው የሚነዱት ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ለገበያ ቀርቦ ነበር። ያን ጊዜ ያልነበረው ቀላል ባትሪ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ በገበያ ላይ የዋለው በ1991 ሲሆን፣ ለሥራው መሠረት የጣሉት ሦስት ሊቃውንት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዛሬ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ያለው ይኸው ባትሪ ነው።

ለእኛ ሰፈር ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። የነዳጅ ሞተር የሚሠራው አየር ስቦ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በዚህ ምክንያት ተራ የነዳጅ ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ታችም ሆነ እንጦጦ ላይ ጉልበቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የመጀመሪያውን አካል የሠራነው ከምናለሽ ተራ ባመጣነው የብረት ቱቦላሬ ነው። በያጃችን እንደ ልማዱ የግቢ በር የሚሠራ ይመስል አጠነከረው። ሲመዘን 19 ኪሎ ሆነ። ነድተነው ደስ አለን። አራተኛ ፎቅ ይዘነው ስንወጣ ግን ደስታችን ሁለተኛው ፎቅ ላይ አለቀ! እዚህ ላይ የተማርነውን እንንገራችሁ። ሰው 70 ኪሎ ቢመዝን፣ ስኩተሩ 19 ኪሎ ሆነ 12 ኪሎ ሞተሩ የሚያየው ልዩነት ትንሽ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲሸከሙት ነው። በመሆኑም ክብደት የምንቀንሰው ለፍጥነት ብለን ሳይሆን ለትከሻችን ብለን ነው።

ሁለተኛውን በሌላ መንገድ ሠራነው። መቆሚያውን ከወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ጠርዙን ከአልሙኒየም ማዕዘን አደረግን። አልሙኒየም ብረት በምንበይድበት ተራ መበየጃ አይያዝም፤ ልዩ ጋዝና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ሙቀቱም ብረቱን ያደክመዋል። ስለዚህ በቡሎን ብቻ አሰርነው። ዳዶዎቹም በንዝረት እንዳይላሉ ውስጣቸው ላስቲክ ያለባቸው ናቸው። አንገቱንና የፊቱን ሹካ ግን ከአሮጌ ብስክሌት የወሰድነው ብረት ነው። እዚያ ላይ ክብደት ለመቀነስ አልሞከርንም። መቆሚያው ቢሰነጠቅ ሰው ይወርዳል፤ አንገቱ ቢሰበር ግን በግንባሩ ነው የሚወርደው።

ከዚያ አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነንበት አሳደርነው። ጠዋት መቆሚያው አልጎበጠም። ጤፉን ያበደሩን እናታችን ግን «ዳግመኛ አላበድርም» ብለውናል። ይህንንም በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጎማውን ባለ 10 ኢንች፣ አየር የሚነፋ መረጥን። በትንሽ ጎማ የሰፈራችንን ኮብልስቶን መንዳት ጥርስ ያራግፋል፤ ጉድጓድ ሲያገኝም ገብቶ ይቀራል። ሞተሩ የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ያለ 350 ዋት ነው። ኋላ ያደረግነው ዳገት ሲወጣ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሄድና ጎማው መሬቱን ስለሚይዝ ነው። ሁሉ ነገር ተገጥሞ ሲመዘን ከ12 ኪሎ ትንሽ ያንሳል።

አሁን ስለ ዳገቱ። ከአሥር ሜትር አንድ ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ሰውዬውንና ስኩተሩን ጨምሮ ለ82 ኪሎ ወደ 260 ዋት ያስፈልጋል። ሞተራችን ይችላል። በሰዓት 15 ላውጣ ካላችሁት ግን 400 ዋት ይጠይቃችኋል፤ ያን ጊዜ ይግላል። እንደ በቅሎ ነው፤ ዳገት ላይ አይቸኮልበትም።

ባትሪው 36 ቮልት፣ 7.5 አምፒር-ሰዓት ነው። ሁለቱ ሲባዙ 270 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሜዳ ላይ ለአንድ ኪሎ ሜትር 15 ዋት-ሰዓት ያህል ይበላል ብለን ብናስብ 18 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ማለት ነው። ታዲያ የእኛ አገር ሜዳ የት አለ? መቶ ሜትር ከፍታ በወጣን ቁጥር ወደ 28 ዋት-ሰዓት ተጨማሪ ይሄዳል፤ ይህም ከባትሪው አንድ አሥረኛ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ጠዋት የሚወርደው ቁልቁለት፣ ማታ የሚመለሰው ዳገት ነው። ስለዚህ ሒሳቡ መሠራት ያለበት ለመሄጃው ሳይሆን ለመመለሻው ነው። እኛ 10 ኪሎ ሜትር ብለን ይዘናል።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ ወደ ከባዱ ጉዳይ ደርሰናል።

የመጀመሪያውን ባትሪ ከተጣሉ ላፕቶፖች ውስጥ በለቀምናቸው ሕዋሶች ሠራነው። ርካሽ ነበር። ግማሾቹ አርጅተዋል፣ ግማሾቹ ደኅና ናቸው፤ ቀላቀልናቸው። ይህ የመጀመሪያው ስሕተታችን ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚያ ይብሳል። በእንዲህ ያለ ባትሪ ውስጥ አሥር ረድፍ ሕዋሶች አሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ሲሞላ 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለበት፤ አሥሩ አንድ ላይ 42 ቮልት ይሆናሉ። ከዚያ በላይ ከተሞላ ይግላል፣ ይነፋል፣ ይቀጣጠላል። ይህን የሚጠብቅ ቢ.ኤም.ኤስ. የሚባል ትንሽ ካርድ አለ። እኛ «የባትሪው ዘበኛ» እንለዋለን። አንዱ ሕዋስ ሲሞላ ወይም ከልክ በታች ሲወርድ መስመሩን ይቆርጣል። እኛ ግን «ለሙከራ ነው፣ በኋላ እንገዛዋለን» ብለን ያለ ዘበኛ ተውነው።

ሦስተኛው፤ በዚያ ሌሊት የሰካነው ቻርጀር የራሱ አልነበረም። ለ48 ቮልት ባትሪ የተሠራ፣ እስከ 54.6 ቮልት የሚሰጥ ነበር። ጫፉ ገጠመ፤ ገጠመ ብለን ሰካነው። ሰክተንም ሄደን ተኛን። ያስቀመጥነውም የዕድሩ ድንኳንና ወንበር ባለበት መጋዘን ውስጥ ነው። የዕድር ድንኳን እኮ ነው! ሐዘን የደረሰበት ሁሉ የሚጠለልበት።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሰፈራችን ዘበኛ ጭስ ሸተታቸው። መጀመሪያ ቆጣሪውን አጠፉ። ቀጥሎ ባትሪውን በመኮትኮቻ እየጎተቱ ወደ ግቢው አወጡና በባልዲ ውኃ ደጋግመው አፈሰሱበት። ከድንኳኑ አንዱ ጠርዝ ተቃጠለ፤ የዘበኛችንም ቀኝ እጅ ተለበለበ። ዛሬ ድነዋል፤ እዚሁ ተቀምጠዋል። ያን ሌሊት ትንሽ አረፍ ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ድንኳን ጠርዝ አይሆንም ነበር። ለባትሪው ዘበኛ ልንነፍገው የሞከርነውን ዋጋ የሰፈሩ ዘበኛ በእጃቸው ከፈሉት። ይህን እያስታወስን እንኖራለን።

ከዚህ የተማርነውን ለሁሉም ቤት እንዲጠቅም እንናገራለን። የሊቲየም ባትሪ እሳት ከራሱ ውስጥ ስለሚነሣ በጨርቅ ወይም በአሸዋ ሸፈኑት ተብሎ አይጠፋም፤ ሙቀቱ ውስጡ ይቀራል። መብራቱ ከተቆረጠ በኋላ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ባትሪ የሚበጀው ብዙ ውኃ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነውና። ጭሱ መርዝ ስለሆነ ወደ ውስጥ እንዳይሳብ። እሳቱ የማይቻል ከሆነ ሰው ማውጣት፣ በሩን መዝጋት፣ እሳት አደጋ መጥራት። ጠፍቷል ሲሉትም ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ይችላልና ከቤት ርቆ ሜዳ ላይ ይደር። ይህ ለስኩተር ብቻ አይደለም፤ እቤታችሁ ያበጠ የስልክ ባትሪ ካለ እሱም ያው ነው።

ከቃጠሎው በኋላ ድንኳኑን ከኪሳችን አሠርተን ለዕድሩ አስረክበናል፤ የዘበኛችንንም ሕክምና ከፍለናል። ደረሰኞቹ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፈዋል። አዲሱ ባትሪ ሁሉም ሕዋሶቹ አዲስና አንድ ዓይነት ናቸው፤ በባለሙያ የተያያዘ፣ የራሱ ዘበኛ ካርድ፣ የራሱ ፊውዝና የራሱ ቻርጀር ያለው ነው። ቻርጀሩን ከሌላ ጋር እንዳይምታታ ቀይ ቀለም ቀብተነዋል።

ስለ ፍሬንም አንድ ቃል። ሞተሩ ራሱ ሲያቆም ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ጠዋት ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን የሚመለሰውን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ የባትሪው ዘበኛም መስመሩን ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ከሞተሩ ሌላ በፊትም በኋላም በሽቦ የሚሳብ ፍሬን አድርገናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አደጋ አይቶ እስኪቆም 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ40 ቢሄድ ግን ከ30 ሜትር በላይ። እዚህ ሰፈር 30 ሜትር ውስጥ ስንት ሕፃን ይሮጣል? መቆጣጠሪያውን በ20 ላይ ቆልፈነዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ መከልከሉን ታውቃላችሁ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ወደ እያንዳንዳችን ግቢ መምጣቱ አይቀርም። እኛ ብንተወውም ገዝቶ የሚያመጣ አለ። ጥያቄው ይምጣ አይምጣ ሳይሆን በምን ሥርዓት ይደር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኛ ከተቃጠለ በኋላ ነው የገባን።

ስለሆነም ጉባኤው ሥራውን እንድንቀጥል ከፈቀደ በሚከተሉት ደንቦች እንድንገዛ እንጠይቃለን፤

1. ባትሪ የሚሞላው በግቢው ክፍት ዳስ ሥር፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ብቻ ይሁን፤ በመጋዘን፣ በመኝታ ቤት፣ በደረጃና በበር መግቢያ ላይ አይሁን።

2. ሲሞላ ያልተኛ ሰው አጠገቡ ይኑር። አራት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳይሰካ።

3. ያለ ራሱ ቻርጀር አይሞላ። የወደቀ፣ ውኃ የገባበት ወይም ያበጠ ባትሪ ከሰው ርቆ ውጭ ይቀመጥ፤ ባለሙያ ሳያየው አይሰካ።

4. የሚነዳ ሰው የራስ ቁር ያድርግ፤ ማታ የፊትና የኋላ መብራት ያብራ። በእግረኛ መንገድ ላይ አይነዳ፤ ሁለት ሰው አይጫን፤ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ አይንዳ።

5. ቡሎኖቹ፣ ፍሬኑና አንገቱ በየሳምንቱ ይታዩ፤ ያየው ሰው በመዝገብ ይፈርም።

ከእነዚህ አንዱን ብንተላለፍ ስኩተሩን ለማኅበሩ ለማስረከብ ስድስታችንም ፈርመናል።

በመጨረሻም፤ ይህን ሪፖርት ከማዘጋጀታችን በፊት ዘበኛችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። «ልጆቼ፣ እኔን ተዉኝ፤ ድንኳኑ ተሰፋ ወይ?» ነበር ያሉን። ተሰፍቷል አባባ። እጅዎ ግን የዕድር ገንዘብ የማይተካው ነው።

እኛ የምንለው ይኸው ነው። የሚቀረው የእናንተ ውሳኔ ነው። ብትፈቅዱ በደንቡ እንሠራለን፤ ብትከለክሉ ቅር አይለንም።