ስለ ቤተ መቅደስ ሕንጻ፤ ስለ እምነትና ስለ ሥልጣን
(በደብሩ በዓለ ኢዮቤልዩ የተነገረ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፤ እናንተም የሽሮ ሜዳ ምእመናን፤

ሰው ለአምላኩ ቤት ሲሠራ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው እምነቱ ነው፤ ሁለተኛው ሥልጣኑ ነው። እምነቱ «የማመልከው ይህን ነው» ይላል፤ ሥልጣኑ ግን «ያሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ግድግዳ ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚኖሩ ለይቶ መስማት ያስቸግራል። ዘመን ሲረዝም ግን ጊዜ ራሱ ይለያቸዋል። በበዓለ ኢዮቤልዩ ቀን ስላለፈው ማመስገንና ስለሚመጣው መምከር የተገባ ነውና፤ ስለዚህ ነገር ከሩቅ አገር ተጀምሮ እስከ እንጦጦ ተራራ ድረስ ያለው ምሳሌ እነሆ ይነገራል።

በሕንጻ ጥበብ ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚጠራ ሕዝቦች መካከል ግሪኮች፤ በግእዝ ጽርእ የሚባሉት፤ ከቀዳሚዎቹ ናቸው። በከተማቸው በአቴና፤ አክሮፖሊስ በሚባለው አምባ ላይ፤ ፓርቴኖን የተባለውን ቤተ ጣዖት ከጌታ ልደት በፊት በ447 ዓመት መሥራት ጀመሩ፤ ቅርጹም ሁሉ በ432 ዓመት ተፈጸመ። ያሠራው ፔሪክሊስ የተባለው መሪያቸው ነው፤ የሕንጻው ሊቃውንት ኢክቲኖስና ካሊክራቲስ ነበሩ፤ የቅርጹም አለቃ ፊዲያስ ነበረ። በፊቱ 8፤ በጎኑም የማዕዘኑ ተቈጥሮ 17 የእብነ በረድ ዐምዶች ቆመዋል። ዐምዶቹ ወገባቸው ላይ ጥቂት ወፈር ይላሉ፤ ወለሉም በመካከሉ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከባዱ ድንጋይ ሕይወት ያለው ይመስላል።

በውስጡ አቴና የምትባለው የጣዖታቸው ምስል፤ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ተሠርታ፤ 12 ሜትር ያህል ቁመት ይዛ ቆማ ነበር። ሕዝቡ ግን ለጸሎት በውስጡ አይሰበሰብም ነበር፤ መሥዋዕቱ የሚሠዋው በውጭ ባለው መሠዊያ ነው። የሕንጻው ጌጥ አብዛኛው ወደ ውጭ የተመለሰው ስለዚህ ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው ሁሉ የከተማይቱን ክብር እንዲናገር።

ሥልጣንም በዚያ ቤት ውስጥ ነበረ። የፋርስን ንጉሥ ለመዋጋት የተባበሩት ከተሞች ያዋጡት ገንዘብ አስቀድሞ በዴሎስ ደሴት ይጠበቅ ነበር፤ ከልደት በፊት በ454 ዓመት ግን ወደ አቴና ተወሰደ። የፔሪክሊስ ተቃዋሚዎች፤ ለጦርነት የተሰጠው ገንዘብ ለከተማ ጌጥ ሆነ ብለው በአደባባይ ወቀሱት። የምስሏም የወርቅ ልብስ፤ በችግር ቀን ለጦር ወጪ እንዲሆን፤ ተፈትቶ የሚወልቅ ሆኖ ተሠርቶ ነበር። እንግዲህ ያች ምስል ጣዖትም ግምጃ ቤትም ነበረች።

ፍጻሜው ምን ሆነ? የወርቋ ምስል ጠፋች። ቤቱ በኋላ ዘመን በእመቤታችን ስም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ከዚያም ቱርኮች ይዘውት መስጊድ ሆነ። በ1680 ዓ.ም. የቬኒስ ጦር አቴናን ሲወጋ፤ ቱርኮች በውስጡ ያኖሩት ባሩድ በመድፍ ተመትቶ ፈነዳና መካከሉን አፈረሰው። ከቅርጹም ብዙው ተነቅሎ ተወስዶ ዛሬ በለንደን ይገኛል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በትግራይ በየሓ የሚገኘው ቤት፤ ከጌታ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ፤ አልመቃህ ለሚባለው ለሳባ ሰዎች ጣዖት የተሠራ ነው። የተጠረቡት ድንጋዮች ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ተገጥመው እስከ 14 ሜትር ያህል ቆመዋል። አልመቃህን ዛሬ የሚያመልከው የለም። ክርስቲያኖች ግን ቤቱን ቤተ ክርስቲያን አድርገው ስለ ተገለገሉበት ግድግዳው ተጠበቀ፤ በአጠገቡም የአቡነ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

በአክሱም ደግሞ ንጉሥ ኢዛና፤ ከማመኑ በፊት፤ በጽርእ ቋንቋ በድንጋይ ባስጻፈው ቃል ራሱን የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ብሎ ይጠራል። አሬስ የጽርእ የጦርነት ጣዖት ነው፤ በግእዙ ጽሕፈት ግን በእርሱ ስፍራ ማሕረም ይባላል። ንጉሡ በቤጃ ላይ ስላገኘው ድል አንድ የወርቅ፤ አንድ የብር፤ ሦስት የናስ ምስል አቀረበ። ከእነዚህ ምስሎች አንዱም ዛሬ አይታይም። በ1898 ዓ.ም. የጀርመን ሊቃውንት በአክሱም የአንድ ታላቅ ምስል መቆሚያ ድንጋይ አገኙ፤ እግሩ የገባበት ጉድጓድ ርዝመቱ 92 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከእግሩ በላይ የነበረው ግን የለም። ኢዛና ባመነ ጊዜ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ትቶ መስቀል አስቀረጸ። የወርቁ ምስል ጠፋ፤ በትንሹ ገንዘብ ላይ የተቀረጸው መስቀል ግን ዛሬም በአገሩ ሁሉ ይከብራል።

ክርስቲያን የሆነችው ኢትዮጵያም ታላቅ ሕንጻ መሥራትን አልተወችም። በላሊበላ ያለው ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ዙሪያውን ዐምድ ስለ ከበበው ያየው ሰው የጽርእን ቤት ያስታውሳል። ልዩነታቸው ግን ብዙ ነው። ያኛው ከሩቅ እንዲታይ በአምባ ላይ ተሠራ፤ ይህኛው ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ ስለ ወጣ፤ ሊያየው የሚወድ ሰው ዝቅ ብሎ መውረድ አለበት። ያኛው ሕዝቡን በውጭ አቆመ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በቅኔ ማኅሌቱ፤ በቅድስቱና በመቅደሱ ሥርዓት ሕዝቡን ወደ ውስጥ ታስገባለች።

ከዚህ ሰፈር በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራም ይህንኑ ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። በአጠገቡ በድንጋይ፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠራው ቤተ መንግሥታቸው ነበረ። መንግሥቱ ግን ወደ ታች ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ዛሬ ያን ቤተ መንግሥት ጎብኚ ያየዋል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግን ይቀደስበታል። በአንድ ተራራ ላይ፤ በአንድ ንጉሥ ዘመን ተሠርተው፤ አንደኛው መታሰቢያ ሆነ፤ ሁለተኛው ሕያው ነው።

አሁን ወደ ፓርቴኖን ጥቂት መመለስ ያስፈልጋል። ቤቱን ዙሪያውን የከበበ 160 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቅርጽ ነበረው፤ ፈረሰኞች፤ ሽማግሌዎችና የመሥዋዕት ከብቶች በሰልፍ ሲሄዱ ይታይበታል። ሰልፉ የሚያበቃው በምሥራቁ በር በላይ ነው። በዚያ በክብሩ ስፍራ የተቀረጸው የንጉሥ ዘውድ ወይም የጦር ድል አይደለም፤ አንድ የታጠፈ ልብስ ነው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚተረጕሙት፤ ይህ የአቴና ሴቶች ለበዓሉ የሚሠሩት ልብስ ነው። ልብሱም የሚሰጠው ለፊዲያስ የወርቅ ምስል አልነበረም፤ ከወይራ እንጨት ለተሠራው ለጥንታዊው ምስል ነበረ። ለጣዖት የተደረገ ነገር ለክርስቲያን አርአያ አይሆንም። ነገር ግን ያን ያህል ወርቅ ያፈሰሰ ሥልጣን እንኳ፤ በበሩ ላይ የሚያስቀርጸው የበለጠ ነገር ቢፈልግ፤ የሸማኔ እጅ ሥራ አገኘ።

ሽሮ ሜዳ ይህን ለመረዳት ከሌላው ሰፈር ይልቅ የቀረበች ናት። ከጋሞ አገር የመጡ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ይዘው የሚኖሩባት፤ ነጠላው፤ ጋቢው፤ ባለ ጥለቱ ቀሚስ የሚሸጥባት ስፍራ ናት። ምእመን ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ በቅዳሴ ሲቆም፤ የእናቶች እንዝርትና የሸማኔ ድካም ከእርሱ ጋር በቤተ እግዚአብሔር ይቆማል።

ዛሬ በብዙ ደብር አሮጌው እየፈረሰ በሲሚንቶና በብረት ታላቅ ሕንጻ ይሠራል። ይህ ደግ ነው፤ ሕዝቡ በዝቷልና። ነገር ግን ደብር ከደብር በጉልላት ቁመት ቢፎካከር፤ የሰጪ ስም ከታቦቱ ስም ይልቅ ጎልቶ ቢጻፍ፤ ግድግዳው ሲቆም የቅኔው ተማሪ ማደሪያ ጎጆ ቢያጣ፤ ያ ቤት የሚናገረው በሁለተኛው ድምፅ ብቻ ይሆናል። በቅኔ ቤት ወርቅ ያለ ሰም አይፈስም፤ ወርቅ የሌለው ሰም ግን ባዶ ነው። ሕንጻው ሰም ነው፤ ወርቁ በውስጡ የሚጸልየው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ፤ እናንት የዚህ ደብር ልጆች፤ ስትሠሩ አሳምራችሁ ሥሩ፤ ከመሠረቱ በፊት ግን ይህን ጠይቁ። በግድግዳው ላይ የተጻፈው ስም ሁሉ ቢደመሰስ፤ በዚህ ቤት የሚቀድስ ካህን፤ የሚማር ሕፃን፤ ነጠላዋን አጣፍታ የምትቆም እናት ይገኛሉን? ይገኛሉ ብላችሁ ለመመለስ ከቻላችሁ፤ ቤቱ ትንሽም ቢሆን ይጸናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።